ሥራ፣ ልጅ፣ የኪራይ ቤት... ጸሎት የት ይግባ?

የሌሊት_ተረኛ

እንደምን ዋላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። ፈረቃዬ ይቀያየራል፤ አንዳንዴ ቀን፣ አንዳንዴ ሌሊት እገባለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር የተከራየነው አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ልብሱ ሁሉም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን እምነታችሁን የት ታስገቡታላችሁ? እሑድን ተዉት። ጥምቀትንም ተዉት፤ ጥር 10 ከተራ ዕለት ፒያሳ እግር መጣያ ሲጠፋ ሁላችንም መንፈሳዊ ነን። እኔ የምጠይቀው ስለ ተራው ማክሰኞ ነው። ስነቃ ስልክ አነሣለሁ፣ ስተኛ ስልክ አስቀምጣለሁ። መሐል ላይ በስመ አብ ብዬ እንጀራ እቆርሳለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እሳለማለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። የጸሎት መጽሐፌ መስኮት ላይ አቧራ ለብሷል።

ሌሊት የገባሁ ሳምንት ደግሞ ቀኑ ይገለበጥብኛል። «ጠዋት ተነሥተሽ ጸልዪ» ይሉኛል። የእኔ ጠዋት መቼ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም።

እባካችሁ «ከልብ ከሆነ ጊዜ አይጠፋም» አትበሉኝ። የምታደርጉትን ንገሩኝ።

ማራኪ_ግቢ

ከልብ ከሆነ ጊዜ አይጠፋም።

ሃሃ ቀልዴን ነው፤ እንዳትቆጪ። እኔ ተማሪ ነኝ። ከዶርም ወደ ክፍል ስሄድ ውዳሴ ማርያም በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። የዕለት የዕለቱ ተለይቶ የተቀዳ አለ፤ ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን እከፍታለሁ። ክፍል ስደርስ አልቋል። ይሄ ጸሎት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እናንተው ተከራከሩበት፤ እኔ ግን ከምንም ይሻላል እላለሁ።

ያልጨረሰው_ደብተራ

መስማቱ ደግ ነው ወንድሜ፤ አላቃልልብህም። ግን ጆሮህ ሲሰማ አንደበትህ ምን ይሠራል? አብረህ በል። መንገድ ላይ ማንም ልብ አይልህም፤ ስልክ የምታወራ ነው የምትመስላቸው።

አሁን ወደ ተረኛዋ እህቴ ልምጣ። በሥርዓታችን የጸሎት ጊዜ ሰባት ነው። ዳዊት «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ካለው የሚነሣ ነው። ነግህ (ንጋት)፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። ሰው ይህን ሲሰማ «የመነኩሴ ነው» ብሎ ይሸሻል። እስኪ ሰዓትሽን እዪው። ሠለስት 3 ሰዓት ነው፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11። በእኛ አቆጣጠር ሌላ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ራሱ ይነግርሻል። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን ታስቢያለሽ። በ6 ጌታ የተሰቀለበትን፣ በ9 ነፍሱን ከሥጋው የለየበትን፣ በ11 ወደ መቃብር የወረደበትን። መንፈቀ ሌሊት ደግሞ የልደቱና የትንሣኤው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ማነው የነቃ? ስንቱ ለመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ስልኩን ሞልቶ ይተኛና ሲጮህ አጥፍቶ ይገለበጣል! (ስም አልጠራም።) አንቺን ግን ሰዓቱ በእግርሽ ቆመሽ፣ በሽተኛ ስትጠብቂ ያገኝሻል። ከሁላችንም የተሻለው ፈረቃ የአንቺ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ለማለት ደቂቃም አይፈጅም። ጠዋቴ መቼ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የነቃሽበትን ያዢ።

ሁለተኛ፣ በቃል ያዢ። በአብነት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚሰጡን የቃል ትምህርት ነው። መብራት አልነበረንም፤ በጨለማ ነበር የምንቀጽለው፣ በቃል የምናጠናው ማለቴ ነው። እንጀራ ልንለምን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንዞርም የዕለቱን ቃል በአፋችን እያላመጥን ነበር። መጽሐፍ የሚፈልግ ጸሎት ወንበር ይፈልጋል፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ ሁለት ባዶ እጅ ይፈልጋል። በቃልሽ ያለው ግን መርፌ እያዘጋጀሽም ይሄዳል። የዘወትር ጸሎትን ጨርሰሽ ካወቅሽ በኋላ ከውዳሴ ማርያም የአንድ ቀኑን ጀምሪ። ሁሉንም በአንዴ አትሞክሪ፣ ትሰለቺያለሽ።

የሌሊት_ተረኛ

የኔታ ልበልዎት መሰለኝ፤ «ያልጨረሰው» የሚለውን አላመንኩም። ሌሊት 6 ሰዓትን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ያ ሰዓት የመድኃኒት ዙር ነው።

የአራዳ_እናት

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የኔ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ግን ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃላቸው ይወርዱት ነበር። ሊጥ እያቦኩ፣ ጥጥ እየፈተሉ። የተማርነው እኛ ነን መጽሐፍ ካልያዝን የማንጸልይ።

የኔን ልንገርሽ። ገበያ ውዬ ማታ እገባለሁ። ልጆቼን ቁጭ ብላችሁ ጸልዩ ብላቸው አይሆንም፤ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ይስቃል። ስለዚህ ቡናው ላይ አደረግሁት። አቦልና ቶና እየጠጣን ወሬያችንን እናወራለን፤ ጎረቤት ይታማል፣ ቴሌቪዥንም ይከፈታል፤ አልዋሽሽም። በረካ ሲቀዳ ግን ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ድሮም በረካ ላይ ትልቅ ሰው መርቆ ነው የሚነሣው፤ እኛ ላይ አባታችን ሆይ ተጨመረበት። አሁን የመጨረሻው ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማደርሰው» ብሎ ይጣላል። አዲስ ሰዓት አላመጣሁም። ቡናው ድሮም ነበረ።

ነገር ግን ልቤን የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። የማርያም ጽዋ አለን፤ በ21 በየቤቱ ይዞራል። ድሮ ዳቦና ጠላ ነበር። አሁን አንዷ ዶሮ ሠራች፣ ሌላዋ በግ አረደች፣ ፉክክር ሆነ። ተራዋ ሲደርስ ተበድራ የደገሰች አለች። ሁለት ጎረቤቶቼ አፍረው ቀሩ። ባለፈው እኔ ተራዬ ሲደርስ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ አቀረብሁ። ተንሾካሾኩብኝ፤ ይንሾካሾኩ! ቄሳችን ግን ጸበሉን ረጭተው «ተመስገን፣ የጥንቱን መለሳችሁልን» አሉ። ዝክር ሰው የሚያስቀር ከሆነ ለማን ነው የሚዘከረው?

ባጃጅ_ወረፋ

እማማ እጅዎን ልሳም። የጽዋው ነገር የኛም ሰፈር ችግር ነው።

እኔ ከፒያሳ አዘዞ መስመር ነው የምሠራው። መስታወቴ ላይ የገብርኤል ሥዕል አለ፣ ሰማያዊ መብራት የሚበራበት። መዝሙርም እከፍታለሁ። ወረፋ ላይ ቆሜ መቁጠሪያዬን ይዤ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ፤ ሰው እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ይበቃኛል። እና እምነት ቦታ አለው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ ሒሳብ ጨምሬባት «ገብርኤል እያየህ ነው» ብላኝ ወረደች። በስድብ መልክ አይደለም፤ ፈገግ ብላ ነው። መዝሙሩ እንደተከፈተ ነበር።

እና የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። እናንተ ስለ ሰዓትና ስለ ቦታ ታወራላችሁ። ታሪፉስ? ጥምቀት ሲመጣ ለእንግዳ ሦስት እጥፍ የምንጠራው እኛ አይደለንም? ያን ጊዜ እኮ ነጭ ለብሰን ነው የምንጠራው።

ቀጥተኛው

ተባረክ! ይህን የሚናገር ስጠብቅ ነበር። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ጤፍ ውስጥ አሸዋ የሚቀላቅል አለ። ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ተመዘገበልን ብለን ጨፈርን፤ የአልጋ ዋጋችንን ማን ይመዝግበው? እኔ በበኩሌ ከሰባቱ ሰዓት አንዱንም አልጸልይም። ሰው አልበድልም፣ ሚዛን አላጎድልም። ይበቃኛል ብዬ አስባለሁ። ጸሎት የሚያበዛ ሰው እንዲያውም ያስፈራኛል።

ያልጨረሰው_ደብተራ

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን አልቀበልህም። ጸሎተኛ መስሎ ሚዛን የሚያጎድል አለ፣ እሺ። ግን የማይጸልይ ሁሉ ሚዛኑ ሙሉ ነው? የአራዳ ነጋዴን ጠይቅ።

ጸሎትና ታሪፉን ምን አጣላቸው? የባጃጁ ወንድማችን ያችን ቃል እስከ ዛሬ የሚያስታውሳት ለምንድን ነው? መቁጠሪያውን ስለያዘ ነው። ባይዝ ኖሮ ሴትዮዋ ተሳድባ ወረደች ብሎ ይረሳት ነበር።

ባጃጅ_ወረፋ

እሱስ ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ዋጋ ከመጥራቴ በፊት በስመ አብ እላለሁ። ሳቁ ከፈለጋችሁ። በስመ አብ ብሎ ሦስት እጥፍ መጥራት ምላስ ላይ ይከብዳል፤ ሞክሩት። ነዳጅ ወረፋ ባደረበት ቀን ግን እጨምራለሁ፤ ምክንያቱን ነግሬ። ይሄ ኃጢአት ነው ካላችሁ ንገሩኝ።

ቀጥተኛው

ነግረህ ከጨመርህ ንግድ ነው።

ቀሐ_ሰፈር

ከቢሮ ሠራተኛ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ቅዳሴ ረጅም ነው፣ በሥራ ቀን አይመቸንም ብለን ሙሉ በሙሉ እንተወዋለን። ኪዳን የሚባለው ጸሎት ግን አለ። ማለዳ ነው የሚደርሰው፣ አጭር ነው። ኪዳን አድርሼ፣ ቤቴ ተመልሼ ቁርስ በልቼ፣ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ እደርሳለሁ። በየቀኑ አይደለም፤ የሚሆንልኝን ቀን ነው። ሠርክ ላይም ጉባኤ አለ፣ ከሥራ ስንወጣ። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ላይ ደግሞ በሥራ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ አለቃችሁ ደግ ከሆነ የምሳ ሰዓትን ማስተካከል ይቻላል። ምሳ እንደሆነ የለም፤ ጾም ነው።

የጎንደር ሰው በዚህ ምክንያት የለውም። ከየትኛውም ሰፈር ብትነሡ ደጀ ሰላም በእግር ይደረሳል። ልደታ፣ ቀሐ ኢየሱስ፣ በአታ፣ አጣጣሚ ሚካኤል፣ ግምጃ ቤት ማርያም... እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ፣ አንገቱን ሰብሮ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ሲያይ ይውላል። እኛ አጠገቡ ተወልደን መላእክቱን ቀና ብለን ያየናቸው የትምህርት ቤት ጉብኝት ላይ ነው።

ማራኪ_ግቢ

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እኔን ናት።

የመስክ_አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ እንደማትቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄው የኔም ስለሆነ ነው የገባሁት።

እኛ ጋ የጥሞና ጊዜ እንለዋለን። ጠዋት ቤቱ ሳይነቃ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፣ ደብተር ላይ አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እጸልያለሁ። ደብተሩ ነው የያዘኝ። ሳልጽፍ ሳነብ ዓይኔ ብቻ ነው የሚሄደው። በሳምንቱ መሐል ደግሞ ቤት ለቤት እንገናኛለን፤ ሰው ካልጠበቀኝ እቀራለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እናቴ ጋ ስሄድ ሽሮ ነው የሚቀርበው፤ አብሬ እበላለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው የእናቴ ሳምንት ምግቡ ራሱ ያስታውሳታል፤ ምጣድ ስትጥድ ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እኔ ያን ለማግኘት የስልክ ማንቂያ እሞላለሁ። በዚህ እቀናባታለሁ።

ዘጎንደር_01

ይሄ የተዋሕዶ ልጆች ጉዳይ ነው። ሌላ ቦታ ጠይቂ።

የአራዳ_እናት

ተው ልጄ። ቤቴ የመጣን እንግዳ ውጣ አልልም፤ አንተም አትበል። ልጅቷ ስለ እናቷ ነው ያወራችው። የመስክ አበባ፣ ስለ ሽሮው እግዜር ይስጥሽ። እናትሽ ስትመጪ ደስ የሚላት ይመስለኛል፤ አልፎ አልፎ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ሂጂ።

ስደተኛው_ጎንደሬ

ከውጭ አገር ነኝ። እዚህ ቅዳሴ እሑድ ብቻ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመኪና ሩቅ ነው፣ እሑድም ሥራ አለብኝ። «ደጀ ሰላም በእግር ይደረሳል» የሚለውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥሁ። ሌላ ምክር የለኝም። እዚያ እስካላችሁ ተሳለሙልኝ፤ በተለይ ፊት አቦን።

የሌሊት_ተረኛ

እሳለምልሃለሁ ወንድሜ፣ መንገዴ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቦታ ምከሩኝ። አንድ ክፍል ነው ብያችኋለሁ። እህቴ ስትተኛ እኔ እገባለሁ፣ እኔ ስተኛ እሷ ታጠናለች። አከራያችን ምስማር መምታት አይፈቅዱም። የጸሎት ቦታ የሚባል ነገር ከየት ላምጣ?

ቀሐ_ሰፈር

እኔ ላጤ ሳለሁ ቁም ሳጥን ላይ ነበር የማደርገው። ወደ ምሥራቅ ያለውን ግድግዳ ለዪ፤ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን አይደል የምንጸልየው። ቁም ሳጥኑን ወደዚያ ጎን አስጠጊው። ሥዕሉ ላዩ ላይ ይቆማል፣ ምስማር አይፈልግም። ትንሽ መጋረጃ አድርጊለት። ከዚያ በኋላ እዚያ ላይ ቻርጀር፣ ቁልፍ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አታስቀምጪ። ዋናው እሱ ነው። ነገር መከመር የጀመርሽ ዕለት ቦታው ጠፋ ማለት ነው።

የሌሊት_ተረኛ

ቻርጀሩ ላይ ተያዝኩ። በነገራችን ላይ መጋረጃ ያላችሁ ጧፍ ለኩሳችሁ አትተኙ። ሥራ ቦታ የማየውን ስለማየው ነው። አብርታችሁ ጸልዩ፣ አጥፍታችሁ ተነሡ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕጣንም መስኮት ከፍታችሁ ይሁን፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ጭራሽ ይቅርባችሁ።

ማራኪ_ግቢ

ዳዊት የሚደግም የለም እዚህ? እኔ ሞክሬ ሰኞ ዕለት ቆምኩ። ከ1 እስከ 30 ይላል የሰኞው። ማን ይችለዋል?

ያልጨረሰው_ደብተራ

የሰኞው 30 ነው፣ አዎ። ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ 150 ይሞላል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ይህ በሳምንት ለሚጨርስ ሰው የተሠራ ክፍፍል ነው። ዳዊት ግን በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው። በቀን አንድ ንጉሥ ብትይዝ በሁለት ሳምንት ግድም ትጨርሳለህ። እሱም ከበዛ በቀን አንድ መዝሙር ያዝ፤ ማንም አይከስህም። 116ኛውን (በሌላው አቆጣጠር 117ኛውን) እየው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው! የፈተና ሳምንት መዝሙር።

ለሁላችሁም ግን፣ መጠኑን ከዚህ አትውሰዱ። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ «ፈረቃዬ ይህ ነው፣ ቤቴ ይህ ነው» በሏቸው። ለተረኛዋ የሚሰጡትና ለባጃጁ የሚሰጡት አንድ አይሆንም። ብዙ ሰው ንስሐ አባቱን የሚያገኘው ለክርስትናና ለፍታት ብቻ ነው። የቤት ጸሎት መጠንም ከእሳቸው የሚጠየቅ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

እሺ። እኔ ለጊዜው የያዝኩትን ልጻፍ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከመድኃኒት ዙር በፊት አባታችን ሆይ። በሽተኞቼንም በስም አስቤ፤ ስማቸው ፋይሉ ላይ አለ። ቀን የገባሁ ሳምንት 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ እጄን ስታጠብ፤ ድሮም ደጋግሜ እታጠባለሁ። ቁም ሳጥኑን አዙረነዋል፣ እህቴ መጋረጃውን ከአሮጌ ነጠላ ሰፋችው። የዘወትሩን በቃሌ እየያዝኩ ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖት መሐሉ ላይ እየጠፋብኝ ተቸግሬያለሁ። ንስሐ አባቴን እሑድ አገኛቸዋለሁ።

የእማማን ቡና ግን እህቴ አልተቀበለችም። በረካ ሳይደርስ ነው የምትተኛው።

የአራዳ_እናት

አቦሉ ላይ አድርጊው እንግዲህ።

ባጃጅ_ወረፋ

አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊደሉ ትልቅ የሆነ ዳዊት የት ይገኛል? ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የሆነ።

ያልጨረሰው_ደብተራ

ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መጻሕፍት የሚሸጡትን ጠይቃቸው፤ በመጠን በመጠኑ አላቸው። ከመግዛትህ በፊት ገልጠህ ሕትመቱን እየው፣ ቀለሙ የደበዘዘ አለ። እናትህን ይዘህ ብትሄድ ይሻላል፤ ራሳቸው ያንብቡና ይምረጡ።

ቀጥተኛው

ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት በስመ አብ እንዲሉ ንገራቸው።

ባጃጅ_ወረፋ

ሃሃ እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ እወስዳቸዋለሁ፣ በነፃ።